የጎማ ግፊት ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት ቫልቩን ይዩ፦ ከጎንደር ለሚነሱ መኪኖች የትኛው ይሻላል?

ሴንሰሮቹ አራትም ስድስትም ሆነው ከነማሳያቸው በአንድ ካርቶን ይሸጣሉ። ገዢው ስለ ስክሪኑ ይጠይቃል፣ በፀሐይ ይሞላ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ዋጋ ይከራከራል። ሴንሰሩ የሚጠመዘዝበትን ቫልቭ የሚያነሳ ግን እምብዛም የለም። ቫልቩ ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ስለሆነ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ጎማውን መንገድ ላይ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ርካሹ ዕቃ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ሁለቱንም ነው፤ በቫልቭ ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የሚታሰሩትን ሴንሰሮችና ከሥራቸው መሆን ያለበትን ቫልቭ። የታሰቡት መኪኖች ከጎንደር ወደ ደባርቅና ሊማሊሞ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚነሱት ናቸው፤ አስጎብኚ ላንድ ክሩዘር፣ ዶልፊን፣ አይሱዙ፣ ከኋላ የሚጎተት ተሳቢ።

በተለይ ተሳቢ ላላቸው ሴንሰሩ ቅንጦት አይደለም። የፊት ጎማ ሲተነፍስ መሪው ይጎትታል፣ ሹፌሩ ያውቃል። የተሳቢ ጎማ ሲተነፍስ ግን መሪው ላይ ምንም አይሰማም፤ ጥንድ ከሆነማ ጤነኛው የታመመውን ተሸክሞ ይሄዳል፣ የተነፈሰው እየታሸ ይግላል፣ ሹፌሩ የሚያውቀው ጭስ ሲያይ ነው።

አሁን ወደ ቫልቩ። ተራ የቫልቭ ቆብ ዋና ሥራው አቧራ መከላከል ነው። አየሩን የሚይዘው ከውስጥ ያለችው፣ በስፕሪንግ የምትዘጋው መርፌ ናት። ቆቡ ቢጠፋ ጎማው አይተነፍስም። ሴንሰሩ ሲታሰር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግፊቱን ለመለካት መርፌዋን ተጭኖ ይከፍታታል፤ እስኪፈታ ድረስም እንደተጫናት ይኖራል። ከዚያ በኋላ አየሩን የያዘው በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ቀጭን ጎሚኒ ብቻ ነው። ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ቢወድቅ መርፌዋ ተመልሳ ስለምትዘጋ ብዙ አይከፋም። የሚከፋው ተሰንጥቆ ወይም ግማሽ ላልቶ ሲቀር ነው፤ መርፌዋ እንደተከፈተች አየሩ በዝግታ ይወጣል። ጎሚኒው ደረቅና ጠንካራ የሆነ ርካሽ ሴንሰር፣ ያለ ሴንሰር ከመሄድ የባሰ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ክብደት ነው። የዶልፊን ጎማ 195 አር 15 ሲ ነው እንበል። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ቫልቩ ጫፍ ላይ ያለ ነገር ከራሱ ክብደት 70 እጥፍ በሚሆን ኃይል ወደ ውጭ ይጎተታል። 10 ግራሙ ሴንሰር 700 ግራም ያህል፣ 20 ግራሙ 1.4 ኪሎ ያህል ሆነ ማለት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር እጥፉ ከ110 ያልፋል፤ 20 ግራሙ 2.2 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው የቫልቩ ጎማ ቸርኬውን በሚነክስበት አንገት ላይ ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር ይመለሳል፣ በተነሳ ቁጥር ይታጠፋል። ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ አንገቱ ላይ ነው፤ ቫልቩን በእጅ ወደ ጎን አጠፍ አድርጎ ካላዩት አይታይም።

ሴንሰር ሲገዙ ክብደቱን ካርቶኑ ላይ አይመኑት። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች አንዱ ገብተው በግራም ሚዛን ያስመዝኑት፤ ሳቅ ሊያተርፍልዎ ይችላል፣ ግን ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው እዚያ ነው። ከ12 ግራም በታች ከሆነ ቀላል ነው። 20 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ከብረት ቫልቭ ሌላ አይታሰርበትም።

በጣም የተለመደው ቫልቭ ከቸርኬው ውስጥ ተጎትቶ የሚገባው ጥቁር የጎማ ቫልቭ ነው። መለያው ቲአር 413 ነው፤ አጭሩ 412፣ ረዘም ያለው 414፣ በጣም ረጅሙ 418 ይባላል። አራቱም 11.5 ሚሊ ሜትር በሆነ የቸርኬ ቀዳዳ ይገባሉ። ቀዳዳው ወደ 16 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ከሆነ ቲአር 415 ወይም 425 ነው የሚሆነው። ትንሹን በትልቁ ቀዳዳ በግድ ማስገባት በየጎሚስታው የሚታይ ጥፋት ነው፤ ያለ ጭነት ይይዛል፣ ሙቀት ሲመጣ ይተነፍሳል። ቀዳዳውን በካሊፐር መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ካሊፐር ከሌለ የ11.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በቀዳዳው ማሳለፍ ይበቃል፦ ጠበቅ ብሎ ካለፈ ትንሹ፣ ወዲያ ወዲህ ከተንከላወሰ ትልቁ ነው።

እነዚህ ሁሉ ከ65 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) በላይ ቀዝቃዛ ግፊት አልተፈቀደላቸውም። ለቤት መኪና ይህ ከበቂ በላይ ነው። ዶልፊን ላይ ግን ያስቸግራል፤ ስምንት ፕላይ (የጎማው የጥንካሬ ደረጃ) የሆነው 195 አር 15 ሲ ሙሉ ጭነቱን የሚሸከመው በ65 ፒኤስአይ ነውና ቫልቩ ከመጀመሪያው ጣሪያው ላይ ነው። ሴንሰር ሲጨመርበት ምንም ትርፍ አይቀረውም። በ413 ላይ ሴንሰር አስረው የሚሄዱ ብዙ ናቸው፣ ለጊዜውም ይሄዳል። እኛ ግን ከ40 ፒኤስአይ በማይበልጥ ጎማ ላይ፣ ከ12 ግራም በማይበልጥ ሴንሰር፣ ቫልቩም አዲስ ሲሆን ብቻ እንቀበለዋለን። ጎማ በተቀየረ ቁጥር ቫልቩም አብሮ ይቀየር። ጎማው አዲስ ሆኖ ቫልቩን አሮጌ መተው፣ አዲስ ልብስ በአሮጌ ቁልፍ እንደማለት ነው።

በመካከል ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ የጎማ ቫልቭ አለ፤ ቲአር 600 ኤችፒ ይባላል። ከሥሩ ጎማው ወፍራም ነው፣ ውስጡ ያለው የነሐስ ቱቦም ረዘም ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስለዚህ በቀላሉ አይታጠፍም። እንደ አምራቹ ከ80 እስከ 100 ፒኤስአይ ይፈቀድለታል፤ ማሸጊያውን ያንብቡ። ለዶልፊን ከ413 በእጅጉ ይሻላል። ችግሩ ለማስገባት ኃይል ስለሚጠይቅ ጎሚስታው በሌባ (በጎማ መፍቻው ብረት) ሲጎትተው አንገቱን ሊቆርጠው መቻሉ ነው። በሳሙና ውኃ ታሽቶ፣ በቫልቭ መጎተቻ፣ ቀጥ ተደርጎ መሳብ አለበት።

ለሴንሰር የተሻለው ግን በዳዶ የሚታሰረው የብረት ቫልቭ ነው። ለ11.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቲአር 416 ይባላል፤ ከውስጥ ጎሚኒ፣ ከውጭ ሮንዴላና ዳዶ አለው፤ እስከ 200 ፒኤስአይ ይችላል። አይታጠፍም፣ አይወዛወዝም፣ ሴንሰሩ የፈለገውን ቢመዝን አንገቱ አይሰነጠቅም። ዋጋው የጎማውን ቫልቭ ብዙ እጥፍ ነው፤ ከሴንሰሩ ካርቶን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን ምንም ነው። ላንድ ክሩዘርም ዶልፊንም ይሁን አነስተኛ ተሳቢ፣ ቲዩብለስ (ከመነዳሪ የሌለው) ከሆነ ምርጫችን ይህ ነው።

ሲገዙ ማግኔት ይያዙ። ነሐስም አሉሚኒየምም ማግኔት አይስባቸውም፤ ከተሳበ ከላይ ኒኬል የተቀባ ተራ ብረት ነው፣ አንድ ክረምት ሳይሞላው ጥርሱ ይዝጋል። ነሐስ በእጅ ሲያዝ ይከብዳል፣ ከሥሩ በሚስማር ቢጭሩት ቢጫ ያሳያል። አሉሚኒየሙ ቀላልና ነጣ ያለ ነው። አሉሚኒየም በራሱ መጥፎ አይደለም፤ መጥፎ የሚሆነው የነሐስ መርፌ ወይም የነሐስ ጥርስ ያለው ሴንሰር ሲገባበት ነው። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ተጣብቀው ይቀራሉ። ቀሃ ወንዝ ወርዶ የሚታጠብ መኪና ለዚህ የተጋለጠ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ባትሪ ለመቀየር ሴንሰሩን በፒንሳ ሲጠመዝዙት ቫልቩ አብሮ ይሰበራል። ነሐስ ከነሐስ፣ አሉሚኒየም ደግሞ ኒኬል ከተቀባ መርፌ ጋር ይሁን።

አይሱዙ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። 7.50-16 ጎማ በብዛት ከመነዳሪ ያለው ስለሆነ ቫልቩ ከከመነዳሪው ጋር አብሮ ይመጣል፤ መምረጥ የሚቻለው ከመነዳሪ ሲገዛ ነው። ሙሉ በሙሉ በጎማ የተሸፈነ እግር ያለውን ይተዉት። ወደ ጎን የታጠፈ የነሐስ እግር ያለውን ይውሰዱ። እግሩ ከከመነዳሪው የሚገናኝበት ክብ ጥፍጥፍ ዙሪያውን ተላጦ እንዳይነሳ በጥፍር ይሞክሩት። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ግፊቱ ሲያንስ በቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ቫልቩ ከቀዳዳው ጋር ያዘነብላል። ያዘነበለ ቫልቭ ላይ ሴንሰር አይታሰርም። አየሩ ወጥቶ፣ ጎማው ተነቅንቆ፣ ቫልቩ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ እግሩ ከሥሩ ይቀደዳል፣ ያም አይለጠፍም።

ለኋላ ጥንድ ጎማ ሁለቱ ቫልቮች ፊት ለፊት በተቃራኒ ወገን ይሁኑ። የውስጠኛው ጎማ ሴንሰር በቸርኬው መስኮት ሲወጣ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ። የማይደርስ ከሆነ ብዙዎች ተጣጣፊ ማራዘሚያ ቱቦ ይጨምራሉ፤ እኛ አንወደውም። ማራዘሚያ ማለት አንድ ተጨማሪ መጋጠሚያ ነው፣ ጫፉ ላይ ሴንሰር ሲንጠለጠል ደግሞ በየዙሩ ይገረፋል። ግድ ከሆነ ጠንካራ የነሐስ ማራዘሚያ፣ እሱም በቸርኬው ላይ በቅንፍ የተያዘ ይሁን።

ስለ ሴንሰሮቹ አጠር አድርገን እንናገር። ቀላሉ ቆብ ዓይነት ለትንንሽ መኪና ይበቃል፤ ጉዳቱ አየር ለመሙላት መፈታት ስላለበት በየጊዜው ጎሚኒው መልፋቱ ነው። በጎኑ አየር መሙያ ያለው ዓይነት ሳይፈታ ይሞላል፣ ለአይሱዙና ለተሳቢ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ የመሙያው ትንሽ ቆብ ከጠፋ ደግሞ የጭልጋ አቧራ ይገባበታል። ከጎማው ውስጥ የሚቀመጠው ዓይነት በመለኪያነቱ ከሁሉ የተሻለ ቢሆንም ለእኛ መንገድ አንመክረውም። ጎማ በሌባና በመዶሻ በሚፈታበት ቦታ ዕድሜ የለውም። ፋብሪካው የገጠመው መኪና ካለዎት ጎማው መፈታት የሚጀምረው ከቫልቩ በተቃራኒ ወገን እንዲሆን አስቀድመው ይንገሩ።

ባትሪው የሚቀየር መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ። ብዙዎቹ ሲአር 1632 ይጠቀማሉ፤ ከሲአር 2032 ጋር መልኩ ይመሳሰላል፣ አይገባም ግን። ሴንሰሩ ተጣብቆ የተዘጋ ከሆነ ባትሪው ሲያልቅ ይጣላል። ረጅም ተሳቢ ላይ ደግሞ ምልክቱ እስከ ጋቢናው ላይደርስ ስለሚችል ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ አብሮ ያለውን ይምረጡ፤ እሱን ተሳቢው ፊት ለፊት ላይ፣ ከላሜራ ጀርባ ሳይሆን ገላጣ ቦታ ያስሩት።

አሁን ጎንደር ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ነገር። ማሳያው 32 ያሳያል፣ የጎሚስታው ጌጅ 36 ይላል። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ተብሎ ይመለሳል። አልተበላሸም። አንዳንድ ሴንሰሮች የሚለኩት ጠቅላላ ግፊቱን ነው፤ ከዚያ ላይ የባሕር ወለልን የአየር ግፊት፣ 14.7 ፒኤስአይን፣ ቀንሰው ያሳያሉ። ጎንደር ግን 2,133 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት 11.3 ያህል ነው። ስለዚህ ማሳያው 3.4 ፒኤስአይ ያህል አሳንሶ ያሳያል። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ልዩነቱ ከ5 ያልፋል። ማለዳ ብርድ ላይ ማሳያው ቢጮህ ጎማው ተንፍሷል ብሎ መደናገጥ፣ አየር መጨመርም አያስፈልግም። መለያው ቀላል ነው፦ ልዩነቱ በሁሉም ጎማ እኩል ከሆነ ከፍታው ነው፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ያንን ጎማ ይፈትሹ። በደህና ጌጅ ሞልተው፣ ማሳያው የሚያሳየውን ቁጥር መነሻ አድርገው ማንቂያውን ያስተካክሉ።

ወደ መተማ ሲወረድስ? በ65 ፒኤስአይ ጎንደር ላይ በ20 ዲግሪ የተሞላ ጎማ፣ መተማ በ35 ዲግሪ ጥላ ቆሞ ሲቀዘቅዝ በጌጅ ወደ 67 ይጠጋል። ሙቀቱ 4 ያህል ይጨምራል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር 2 ያህል ይቀንሳል። እየሄደ ውስጡ 60 ዲግሪ ከደረሰ 73 አካባቢ ይሆናል። ይህ ጤነኛ ነው፤ ሲግል አየር ማስተንፈስ የተለመደ ስሕተት ነው፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማው ጎድሎ ያድራል። የላይኛውን ማንቂያ ከቀዝቃዛው ግፊት 20 በመቶ ከፍ፣ የታችኛውን ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ አድርጎ ማስተካከል ይስማማል። የሙቀት ማንቂያው በ70 ዲግሪ ይሁን። ሆኖም ከሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ሲወረድ በሙቀት ቁጥሩ ብቻ አይተማመኑ። ቆቡ ነፋስ ላይ ስላለ ከጎማው ውስጥና ፍሬኑ ከሚያግለው ቸርኬ ይልቅ ቀዝቅዞ ያሳያል። የጎማውን ሙቀት ቶሎ የሚናገረው ግፊቱ ነው።

ተከላው ላይ ጎሚስታውን አያጣድፉት። አሮጌው ቫልቭ ወጥቶ የቀዳዳው ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ድረስ ይጽዳ፤ በዝገት ላይ የተቀመጠ ጎሚኒ አይዘጋም። የብረቱ ቫልቭ ዳዶ ከ3 እስከ 5 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ ይህ በአጭር ቁልፍ፣ በአንድ እጅ፣ ጎሚኒው ትንሽ እስኪያብጥ ነው። አብዝቶ ማጥበቅ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። አየር ተሞልቶ ጥቂት ካደረ በኋላ ዳዶው አንዴ ይፈተሽ፣ ጎሚኒው ሲረጋ ይላላልና። መርፌዋ በመርፌ መፍቻ እስክትቆም ብቻ ትጠመዘዝ፤ ጫፏ ከቫልቩ አፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ዝቅ ካለች ሴንሰሩ አይደርስባትም፣ ማሳያው ዜሮ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ ‘አይሠራም’ የሚባለው ሴንሰር ጉዳቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ሴንሰሩን በእጅ ብቻ ማጥበቅ። ሲጠመዘዝ ለአፍታ ‘ስስስ’ የሚል የአየር ድምፅ ይሰማል፣ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ጥርሱ ተጣሟል፣ ፈትተው እንደገና ይጀምሩ። ጎሚኒው ላይ የሲሊኮን ግሪስ ጠብታ ይበቃል፤ ተራ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል። ኦሞ በውኃ በጥብጠው የሴንሰሩን ሥር፣ የዳዶውን ዙሪያ፣ የቫልቩንም አንገት ይቀቡ፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይመልከቱ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ አየር ቶሎ አረፋ አይሠራም። የፊት ጎማዎች ባላንስ እንደገና ይሠራ።

ከካርቶኑ ውስጥ ትንንሽ ዳዶዎችና ቁልፍ ካሉ አይጣሉ፤ ዳዶው መጀመሪያ በቫልቩ ላይ ይገባል፣ ሴንሰሩ ከታሰረ በኋላ ወደ እሱ ይጠብቃል። በእጅ ብቻ ፈትቶ መውሰድ እንዳይቻል ያደርጋል። ነገር ግን ያችን ቁልፍ ቤት ጥለው ከወጡ ደባርቅ ላይ አየር መሙላትም አይችሉም። ቁልፏ፣ አሮጌዎቹ ተራ ቆቦች፣ ሁለት ትርፍ መርፌና የመርፌ መፍቻ በአንድ ላስቲክ ታስረው ከክሪኩ ጋር ይቀመጡ፤ ሴንሰሩ መንገድ ላይ ከተሰነጠቀ ፈትቶ ተራውን ቆብ መመለስ ይበቃል፣ መርፌዋ ራሷ ትዘጋለች።